ዕድልና ችሎታ በስታንሊ ዋንጫ

ከታላላቆቹ የቡድን ስፖርቶች መካከል እንደ በረዶ ላይ ሆኪ ለዕድል በሩን ወለል አድርጎ የሚከፍት ጥቂት ነው። ምክንያቱ ከራሱ ከጨዋታው ባሕርይ ይነሳል። አንድ ቡድን በ60 ደቂቃ ውስጥ ዒላማቸውን የጠበቁ 30 ያህል ሙከራዎች ያደርጋል፤ ግብ ጠባቂው ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል ይመልሳል፤ በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ የሚሰፍረው ሦስት ገደማ ግብ ነው። የሚመታው ነገር ፑክ የሚባል፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 7.6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዝርግ ክብ ጎማ ነው። ብዙ እንዳይነጥር ከጨዋታው በፊት በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ያም ሆኖ የሰው እግር፣ የዱላ ጫፍ ወይም የግቡን ቋሚ ሲያገኝ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። የእግር ኳስ ወዳጆች ያልጠበቁት ውጤት ሲገጥማቸው «ኳስ ድቡልቡል ናት» ይላሉ። ፑክ ድቡልቡል ባይሆንም በዚህ ረገድ ከኳስ የባሰ ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። ሁለት ቡድኖች ተጋጥመው የተሻለው 33፣ ሌላው 27 ሙከራ አደረጉ እንበል። እያንዳንዱ ሙከራ ግብ የመሆን ዕድሉ 9 በመቶ ከሆነ፣ የስድስት ሙከራ ብልጫ በአማካይ የሚያስገኘው ግማሽ ግብ ብቻ ነው። በአጋጣሚ ብቻ ከጨዋታ ጨዋታ የሚፈጠረው የግብ ልዩነት መዋዠቅ ግን ከሁለት ግብ በላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ምሽት የተሻለው ቡድን ብልጫ በመዋዠቁ ውስጥ ተውጦ ሊቀር ይችላል። በቅርጫት ኳስ እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ጨዋታ መቶ ያህል ጊዜ ስለሚያጠቃ ትንሿ ብልጫ እየተደመረች ትሄዳለች፤ አጋጣሚውም እርስ በርሱ ይጣፋል። ሆኪ ለዚህ የሚበቃ ጊዜ አይሰጥም።

በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ታሪክ ከቦስተን ብሩይንስ የ2022/23 ዘመን (እ.ኤ.አ.) የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ቡድኑ ከ82 መደበኛ ጨዋታዎች 65ቱን አሸንፎ 135 ነጥብ ሰበሰበ፤ ሁለቱም በሊጉ ታይተው የማይታወቁ ቁጥሮች ነበሩ። በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር የገጠመው ፍሎሪዳ ፓንተርስ 92 ነጥብ ይዞ፣ ከምሥራቁ ምድብ ካለፉት ስምንት ቡድኖች መጨረሻ ሆኖ የገባ ነበር። ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ በሚያልፍበት በዚህ ግጥሚያ ቦስተን 3 ለ 1 ከመራ በኋላ ቀጣዮቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፈ። በሰባተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ በራሱ ሜዳ 3 ለ 2 እየመራ አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀር የፍሎሪዳው ብራንደን ሞንቱር አቻ አደረገ፤ በጭማሪው ሰዓት ደግሞ ካርተር ቨርሄጊ የማሸነፊያዋን ግብ አስቆጠረ። በታሪክ ብዙ ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን ከመጀመሪያው ዙር ሳያልፍ ተሰናበተ።

ብዙ ሰው ይህን «ዕድል ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ዕድል ሲባል ምን እንደሆነ ሳይለይ ድርሻውን መመዘን አይቻልም። ዕድል ምክንያት የሌለው ነገር አይደለም፤ ከተከላካይ ጫማ ነጥሮ መረብ ላይ ያረፈ ፑክ እንደ ማንኛውም ግዑዝ ነገር የእንቅስቃሴን ሕግ ጠብቆ ነው የሄደው። አርስቶትል «ፊዚክስ» በተባለው ሥራው ሁለተኛ መጽሐፍ ላይ ለሌላ ጉዳይ ገበያ ወጥቶ ባለዕዳውን ያገኘና ገንዘቡን የተቀበለ ሰው ያነሳል። ሰውየው ገበያ የወጣው በራሱ ፈቃድ ነው፤ ባለዕዳውንም ያመጣው የራሱ ጉዳይ ነው፤ መገናኘታቸውን ግን ማንም አላቀደውም። ለአርስቶትል ዕድል ማለት ይኸው ነው፦ ሰዎች ዓላማ ይዘው በሚንቀሳቀሱበት መስክ የሚገኝ፣ ቢታሰብበት ኖሮ የሚፈለግ፣ ነገር ግን ከማንም ዓላማ ያልመነጨ ውጤት።

ብያኔው ለሆኪ ይስማማል ማለት ይቻላል፤ አንድ እንከን ግን አለበት። የሆኪ ተጫዋች ገበያ የሚወጣው ባለዕዳውን ያገኝ እንደሆን ብሎ ነው። ከግቡ ርቆ የቆመ ተከላካይ አንዳች ክፍተት ባያይም ፑኩን ዝቅ አድርጎ ሰው ወደታጨቀበት የግብ ክልል ይልከዋል። እዚያ የራሱ ቡድን አጥቂ ከግብ ጠባቂው ፊት ቆሞ እይታውን ይጋርዳል፤ ጀርባው በተከላካይ ዱላ እየተገፋ፣ የራሱን ዱላ በረዶው ላይ አሳርፎ፣ የሚመጣውን ፑክ ለመንካት ይጠብቃል። ነካው አልነካው፣ ነክቶትስ ወዴት አዞረው የሚለው በሚሊ ሜትሮች የሚቆረጥ ነገር ነው። አንዷ ግብ ብቻዋን ስትታይ አጋጣሚ ናት። ከዓመት ዓመት በዚህ መንገድ ከሌሎች አብልጦ የሚያስቆጥር ተጫዋች ግን ሙያው ይኸው ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለውም ለዚሁ ነው። አጋጣሚን ደጋግሞ መጥራት ራሱ ችሎታ ነው።

አሠልጣኞችም ይህን ያውቃሉ። በአንድ ግብ ልዩነት እየተሸነፈ ያለ ቡድን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ግብ ጠባቂውን አስወጥቶ ስድስተኛ አጥቂ ያስገባል፤ ግቡ ባዶ ይቀራል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ እብደት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ግብ ይቆጠርበታል። ሆኖም በአንድም ሆነ በሁለት ግብ መሸነፍ ያው ሽንፈት ስለሆነ፣ የተሸናፊው ጥቅም ጨዋታው እንዲረጋጋ ሳይሆን እንዲዋዥቅ ማድረግ ነው። የሞንቱር ግብ የተገኘችው የፍሎሪዳ ግብ ጠባቂ ወደ ተጠባባቂዎች ወንበር ሄዶ በነበረበት ሰዓት ነው። ግቧ በዕድል መጣች ቢባል እንኳ ዕድሉን የጋበዘው ታስቦበት የተወሰደ ውሳኔ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው የግብ ጠባቂው ጉዳይ ነው። ሴንት ሉዊስ ብሉስ በጃንዋሪ 2019 መጀመሪያ ከ31 ቡድኖች የሠንጠረዡ ግርጌ ላይ ነበር። በዚያው ወር ጆርዳን ቢኒንግተን የተባለ፣ ሊጉ እምብዛም የማያውቀው ግብ ጠባቂ ቋሚ ተሰላፊ ሆነ፤ በጁን ቡድኑ ቦስተንን በሰባተኛው ጨዋታ 4 ለ 1 አሸንፎ ከተመሠረተ ወዲህ የመጀመሪያውን የስታንሊ ዋንጫ፣ ማለትም የሊጉን የሻምፒዮንነት ዋንጫ፣ አነሳ። ቢኒንግተን የመለሳቸው ፑኮች በችሎታው የተመለሱ ናቸው፤ ማንም ዕድለኛ ነው ብሎ ሊያሳንሰው አይገባም። ለክለቡ ግን እንዲህ ያለ ሰው በጭንቅ ሰዓት በእጁ መገኘቱ ከዕቅድ በላይ የሆነ በረከት ነው። ያው አንድ ነገር ለግለሰቡ ችሎታ፣ ለድርጅቱ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ «ዕድል» የሚለው ፍርድ ምንጊዜም «ለማን?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል።

በ1970ዎቹ በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ኔግል የተባሉ ፈላስፎች ይህን ጥያቄ የበለጠ ገፉት። የኔግል ሐሳብ በሆኪ ቢተረጎም እንዲህ ይሆናል፦ ተጫዋቹ የተወለደበት አገር፣ የወረሰው የሰውነት አቋምና ታታሪነቱ ሳይቀር እርሱ የመረጣቸው አይደሉም። በካናዳ ሆኪ ደግሞ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። የታዳጊዎች የዕድሜ ምድብ የሚቆረጠው በጃንዋሪ 1 ስለሆነ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለዱ ልጆች በዚያው ምድብ ካሉት በወራት ይበልጣሉ፤ ገዘፍ ብለው ስለሚታዩ ይመረጣሉ፤ የተሻለ ሥልጠናም ያገኛሉ፤ በከፍተኛ ደረጃ ከሚጫወቱትም መካከል ቁጥራቸው ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ችሎታ የተባለውም ቢሆን ሥሩ ሲቆፈር ዕድል ይገኝበታል። ሐሳቡ እውነትነት ቢኖረውም ዋንጫ የሚገኘው በዕድል ነው ወይስ በችሎታ ለሚለው ጥያቄ አይጠቅምም፤ ሁሉን ነገር ዕድል ብሎ የሚጠራ ሰው አንዱን ቡድን ከሌላው የሚለይበት መሣሪያ የለውም። ዋንጫን ማን በምን አሸነፈ ሲባል የሚመረመረው ተጫዋቾቹ ችሎታቸውን ይዘው በረዶው ላይ ከወጡ በኋላ ያለው ነው።

በዚህ ክልል ውስጥ መለካት ይቻላል። ሁሉም ጨዋታ ሳንቲም እየተወረወረ የሚወሰንበት፣ 32 ቡድኖች ያሉት ሊግ ቢኖር እያንዳንዱ ቡድን ከ82 ጨዋታ በአማካይ 41 ያሸንፋል። ሆኖም በአጋጣሚ ብቻ አንዱ ወደ 50 ድል ሲደርስ ሌላው ከ32 ገደማ አያልፍም፤ ጋዜጦችም የመጀመሪያውን አሠልጣኝ ሲያወድሱ የሁለተኛውን ስንብት ይጠይቃሉ። በእውነተኛው ሊግ የሚታየው የድል ብዛት ልዩነት ከዚህ የሳንቲም ሊግ ልዩነት ጋር ሲነጻጸር የችሎታው ድርሻ ይገመታል። ማይክል ሞቡሲን በ2012 ባሳተመው «ዘ ሰክሰስ ኢኩዌሽን» በተባለ መጽሐፉ በዚሁ ዘዴ ለሆኪ ሊጉ የሰጠው የዕድል ድርሻ 53 በመቶ ነው። ለአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ የሰጠው 12 በመቶ ብቻ ነበር።

ይህ 53 በብዛት በተሳሳተ መንገድ ይነበባል። የዋንጫው ግማሽ በዕድል ተሠራ ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ የሚናገረው በቡድኖች መካከል ስላለው ልዩነት ነው። ሁሉም ቡድኖች እኩል ድንቅ ቢሆኑ የዕድል ድርሻ 100 በመቶ ይሆናል፤ ግን እዚያ ሊግ ውስጥ አንድም ደካማ ተጫዋች የለም። የሆኪ ውጤት ለዕድል የተጋለጠበት አንዱ ምክንያት ተፎካካሪዎቹ በችሎታ እጅግ መቀራረባቸው ነው። የዕድል ድርሻ ሲያድግ ችሎታ አነሰ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ችሎታ ለሁሉም ተዳረሰ ማለት ነው።

ታሪኩም ይህን ይደግፋል። ሞንትሪያል ካናዲየንስ በ1976/77 ከ80 ጨዋታ የተሸነፈው 8 ብቻ ነበር፤ ከ1976 እስከ 1979 አራቱንም ዋንጫዎች ወሰደ። ኒውዮርክ አይላንደርስ ከ1980 እስከ 1983 አራት ደገመ፤ ኤድመንተን ኦይለርስ ከ1984 እስከ 1990 ባለው ጊዜ አምስት አነሳ። በዚያ ዘመን በጥሩና በመጥፎ ቡድን መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ስለነበር ዕድል ጣልቃ ቢገባም አይገለብጠውም ነበር። የ2004/05 ዘመን በክለቦችና በተጫዋቾች ውዝግብ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ከተሰረዘ በኋላ ሊጉ ለእያንዳንዱ ክለብ የ39 ሚሊዮን ዶላር የደመወዝ ጣሪያ አበጀ። ሀብታሙ ክለብ ኮከቦችን ማከማቸት ተሳነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሦስት ዋንጫ በተከታታይ አላነሳም፤ በ2012 ከምዕራቡ ምድብ ስምንተኛ ሆኖ የገባው ሎስ አንጀለስ ኪንግስ ግን ሻምፒዮን መሆን ችሏል። በዚህ አንጻር የዕድል ድርሻ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ባለቤቶቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው መጠኑን የወሰኑት ነገር ነው። ሁሉም ከተማ ተስፋ ሲኖረው ሁሉም ስታዲየም ይሞላልና።

የጥሎ ማለፉ ሕግም የራሱን ይጨምራል። ዋንጫ ለማንሳት አራት ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር አራት ድል ያስፈልጋል። አንድ ቡድን ማንንም ቢገጥም እያንዳንዱን ጨዋታ 55 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ቢኖረው አንዱን ዙር የማለፍ ዕድሉ 61 በመቶ ያህል ነው፤ አራቱንም የማለፍ ዕድሉ 14 በመቶ ገደማ ይሆናል። ብልጫው ወደ 60 በመቶ ቢያድግ እንኳ ዋንጫው የሚገኘው ከአራት ዓመት በአንዱ ነው። የዓመቱ ምርጥ ቡድን ዋንጫ ቢያጣ የሚያስደንቅ ነገር የለም፤ ሳያነሳ የሚቀርበት ዓመት ይበዛል።

ፍርድ መስጠት የሚቻለውም ከዚህ በኋላ ነው። ችሎታ አንድን ቡድን ከዓመት ዓመት ዋንጫው ደጃፍ ያቆመዋል፤ ደጃፉ ላይ ከቆሙት አምስት ወይም ስድስት ቡድኖች በዚያ ዓመት የሚገባውን የሚመርጠው በአብዛኛው ዕድል ነው። ስለ አንድ ዋንጫ ሲጠየቅ መልሱ ወደ ዕድል ያጋድላል፤ ስለ አሥር ዓመት ሲጠየቅ ወደ ችሎታ። በ1980 በሌክ ፕላሲድ ኦሊምፒክ በአብዛኛው ከኮሌጅ ቡድኖች የተውጣጡ አሜሪካውያን ሶቪየት ኅብረትን 4 ለ 3 ሲያሸንፉ ሶቪየቶቹ 39፣ አሜሪካውያኑ 16 ሙከራ አድርገው ነበር። ሶቪየት ግን ከዚያ በፊት አራት ተከታታይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዶ ነበር፤ በ1984ና በ1988ም ወሰደ። ተአምሩ እውነት ነው፤ የሶቪየት የበላይነትም እውነት ነው።

ዕድል የቱ ጋ እንደነበር የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። ቦስተንን የጣለው ፍሎሪዳ በ2023 እስከ ፍጻሜው ደርሶ በቬጋስ ቡድን ተሸነፈ፤ በ2024ና በ2025 ሁለቴ በተከታታይ ዋንጫ አነሳ። ቦስተንን ከመግጠሙ አንድ ዓመት አስቀድሞም በመደበኛው ዘመን 122 ነጥብ ይዞ ሊጉን የመራ ቡድን ነበር። ወደኋላ ሲታይ በዕድል የመጣው ድሉ ሳይሆን 92ቱ ነጥብ ሳይሆን አይቀርም፤ መጥፎ ዕድል የወረደበት ጥሩ ቡድን ነበር። በ2024 ፍጻሜ ፍሎሪዳ ሰባተኛውን ጨዋታ 2 ለ 1 ሲያሸንፍ የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተጫዋች ሽልማት የተሰጠው ለተሸናፊው የኤድመንተን አጥቂ ለኮነር ማክዴቪድ ነው፤ መራጮቹ ዋንጫና ብቃት አንድ እንዳልሆኑ በዚያ ምሽት መሰከሩ።

ይህን ልዩነት በተግባር የተረዳ ክለብ ታምፓ ቤይ ላይትኒንግ ነው። በ2018/19 በ62 ድል በዚያን ጊዜ የነበረውን የሊጉን ክብረ ወሰን ተጋርቶ፣ በመጀመሪያው ዙር በኮሎምበስ ቡድን በጨዋታ 4 ለ 0 ተጠራርጎ ወጣ። በመጀመሪያው ጨዋታ ግን በግብ 3 ለ 0 ይመራ ነበር። አሠልጣኙ ጆን ኩፐር ይሰናበት፣ ቡድኑ ይፍረስ ያሉ አልጠፉም። አስተዳደሩ ኩፐርን አቆየ፤ ኮከቦቹን ኩቸሮቭን፣ ሄድማንን፣ ፖይንትንና ግብ ጠባቂውን ቫሲሌቭስኪን ይዞ ጥቂት ሰው ብቻ ጨመረ። ቡድኑ በ2020 ዋንጫውን አነሳ፤ በ2021 ደገመው፤ በ2022 ደግሞ ፍጻሜ ደርሶ በኮሎራዶ ቡድን ተሸነፈ።