ሰው ሲወድቅ ማን ያነሣዋል?
ለአንድ ዓመት ትምህርት አሜሪካ ለምትሄድ የኮኪት ልጅ

ልጄ፣ ለትምህርት አሜሪካ እንደምትሄጂ ከተሰማ ወዲህ መካሪሽ በዝቷል። አንዱ «እዚያ አገር ፍቅር የለም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም» ይልሻል። ሌላው «ኑሮ ያለው እዚያ ነው፤ እንደምንም ብለሽ ቅሪ» ይልሻል። ሁሉንም በአክብሮት ስሚ፤ በእነሱ ሚዛን ግን አትመዝኚ። እኔ አንድ ጥያቄ ላስይዝሽ። የትም አገር ብትገቢ «እዚህ ሰው ሲታመም፣ ሲያረጅ፣ ሲሞት ሸክሙን የሚሸከምለት ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። አሜሪካውያንን ቀዝቃዛ፣ እኛን ደግሞ ኋላ ቀር የሚያሰኘው አብዛኛው ነገር ምክንያቱ የሚገኘው በዚህ ጥያቄ መልስ ውስጥ ነው።

ይህን የምልሽ በወሬ አይደለም። ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ካስተማሩን መካከል ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገራችን መምጣት የጀመሩት፣ ፒስ ኮር የሚባሉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ መምህራን ነበሩበት። በ1961 ዓ.ም. እኔም በተማሪዎች ልውውጥ ተመርጬ አይዋ በምትባለው የበቆሎ አገር፣ አንድ ገበሬ ቤተሰብ ዘንድ ተቀመጥሁ። እንደ ልጅ ያዙኝ፤ እንደ ልጅም አሠሩኝ። አባወራው እርሻ ውሎ ሲመጣ ሰሃን ያጥባል፤ ልጁ የጎረቤት ሣር አጭዶ ገንዘብ ይቀበላል፤ የባንክ ሠራተኛው ቅዳሜ ቅዳሜ የቤቱን ጣሪያ ራሱ ይጠግናል። በእጅ መሥራት ክብር እንደማይቀንስ ከስብከት ይልቅ ከዚያ ቤት ተማርሁ።

ከቤታቸው ማዶ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ልጆቻቸው በሌላ ስቴት ናቸው። እኛ ዘንድ ቢሆን ልጆቹ ይወቀሱ ነበር። ቆይቼ ሳጠና ግን ለካ እኚህ ሴት በየወሩ ገንዘብ ይመጣላቸው ነበር። በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ መሠረት፣ ሠራተኛው በጉልበቱ ዘመን ካዋጣው ሲያረጅ ይጦራል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ዕድሜው 65 የሞላው ሰው የሚታከምበት መድን አለው። አሮጊቷ የልጅ እጅ አያዩም፤ መኪናቸውን እየነዱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ነገር ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ ደጃቸው ካለፍሁ ወሬያቸው አያልቅም፤ የሚያናግራቸው ሰው ናፍቀዋል። መንግሥት ቀለብ መስፈር ይችላል፤ አብሮ ቡና መጠጣት ግን አይችልም። ይህን ሁለቱንም አብረሽ እዪ። አንዱን ብቻ ይዞ የሚመለስ ሰው አገሩን በሐሰት ያስተምራል።

ሥርዓቱም ቢሆን ሁሉን አያቅፍም። ሕመም መጥቶበት የሕክምና ዕዳ ቤቱን ያስሸጠው አሜሪካዊ ብዙ ነው። ሀብታም አገር ድኻ የለውም ብለሽ አትሂጂ።

የገረመኝ ሌላው ነገር እሳት አደጋቸው ነው። በዚያች ከተማ ጥሩንባው ሲጮህ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን፣ ባለሱቁ ሚዛኑን ጥሎ ይሮጣል፤ ደመወዝ የለውም። ዛሬም ቢሆን ከአሜሪካ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱም እንዲሁ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከየት እንደመጣሁ ጠይቆ፣ ስሜን ካርድ ላይ ጽፎ፣ መጻሕፍት አስይዞ ሰደደኝ። ዋስ አልጠየቀኝም። ካርኔጊ የተባለው ባለጸጋ በአሜሪካ ብቻ ከ1,600 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ቤተ መጻሕፍት አሠርቷል፤ ሥራ ማስኬጃውን ግን የየከተማው ሕዝብ ከግብሩ እንዲያዋጣ ቃል ሳያስገባ አይሰጥም ነበር። እንግዲህ አሜሪካን ያቆመው ሰው ዘመዱ ካልሆነ ሰው ጋር የሚተማመንበት ሥርዓት ነው። ሄደሽ የምታጠኚውም ይህንኑ ነው።

ለምን ይህን መረጥሁ? ኮኪትን አስቢያት። ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ተቀምጣ ከደንቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከደብረ ታቦር፣ ከጎጃም የመጣውን ታኖራለች። የጉሙዝ ወንድሞቻችን ከሁላችንም በፊት እዚህ ነበሩ። የሱዳን ነጋዴ ይመጣል፤ የእኛ ልጅ ገዳሪፍ ይሻገራል። ሰሊጡ ሲደርስ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ አገሩን ይሞላዋል። ይህ ሠራተኛ እዚህ አባት የለው፣ አጎት የለው። ወባ ሲጥለው ወይም አሸዋ ዝንብ ነክሳው ካላዛር ሲይዘው ማን ጎንደር ሆስፒታል ያደርሰዋል? ቢሞትስ ለእናቱ ማን ይነግርለታል? በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳም በመተማ ዮሐንስ በኩል በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሻንጣውን ይዞ ገባ፤ እሱም ዘመድ አልነበረውም። በዘመድ ብቻ መረዳዳት ለደጋው ቀበሌ ይበቃ ይሆናል። እዚህ፣ ሁሉ እንግዳ በሆነበት አገር፣ አይበቃም።

ይህን ስልሽ የራሳችንን ማቃለሌ አይደለም። ዕድርን እዪ። ከዘመዱ ርቆ ከተማ የገባ ሰው «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ብሎ ከማያውቀው ጎረቤቱ ጋር ያቆመው ማኅበር ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መዝገብ አለው፣ የወር መዋጮና ቅጣት አለው። ዕቁቡም ሰው አምኖ ገንዘብ መስጠት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ጤነኛው አዋጥቶ ሕመምተኛው ይታከማል። የአሜሪካው ሥርዓት የሚሠራበት ብልኀት ለእኛ ባዕድ አይደለም። የጎደለን ዕድሩን ከሰፈራችን አጥር አውጥቶ ለማናውቀው ሰው ማድረስ ነው።

አሁን ደግሞ ለዕለት ኑሮሽ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። ምግብ ሲያቀርቡልሽ አንድ ጊዜ ይጠይቁሻል። «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ካልሽ ያምኑሻል፤ «እኔ ልሙት» ብሎ የሚያጎርስሽ የለም። ስለዚህ ከፈለግሽ በመጀመሪያው «እሺ፣ አመሰግናለሁ» በዪ። የማትችዪውን ሥራ ሲጠይቁሽ በይሉኝታ እሺ አትበዪ፤ አልችልም ማለት እዚያ ስድብ አይደለም፤ እሺ ብሎ መቅረት ግን ያስነቅፋል። መምህሩን ዐይን ዐይኑን እያየሽ ጠይቂ፤ ያልገባሽን አለመጠየቅ ትሕትና ሳይሆን ስንፍና ይመስላቸዋል። የሰው ጽሑፍ ስትወስጂ ከማን እንደወሰድሽ ጻፊ፤ አለዚያ እንደ ስርቆት ይቆጠራል፤ ከትምህርት ቤትም ያስባርራል። በሰዓት ተገኚ። ሰዓት ማክበር የነጭ ጠባይ ነው የሚሉሽን አትስሚ። ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ እንደሚራገፍ የኮኪት ገበሬ ያውቀዋል። እኛ ለሰሊጡ የምንሰጠውን ክብር እነሱ ለቀጠሮ ይሰጡታል።

ብቸኝነት ይመጣብሻል፤ በተለይ ብርዱ ሲጠና ፀሐይም በጊዜ ስትጠልቅ። የለመድነው ቆላ ነውና ይከብድሻል። ያን ጊዜ ክፍልሽን ዘግተሽ ስልክ ላይ አትዋዪ። ወደ ወጥ ቤት ውረጂ፤ ሽንኩርት ክተፊ፤ ቡና አፍልተሽ የምታርፊበትን ቤተሰብ አስቀምጪ። እነሱ ሥርዓት ይሰጡሻል፤ አንቺም አብሮ መቀመጥን ስጪያቸው። ማዕድ ላይ ሰውን ብቻውን አለመተው፣ ታላቅን ተነሥቶ ማስቀመጥ፣ ለቅሶ ሲሰሙ መድረስ ከእናቶችሽ የተቀበልሻቸው ናቸው፤ በማንም ፊት አትፈሪባቸው። እኔ በነበርሁበት ሰፈር የአንዲት እናት ልጅ ቬትናም ዘምቶ ነበር። እኔ ምንም ሳልናገር አጠገባቸው ብቀመጥ ያን ቀን ከቶ አልረሱልኝም። የእናት ጭንቀት አገር አይለይም።

ስለ ቀለምሽም ላስጠንቅቅሽ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በወራት ውስጥ ነበር እዚያ የደረስሁት። እዚህ ጎንደሬ፣ ጎጃሜ፣ ጉሙዝ ትባያለሽ፤ እዚያ መጀመሪያ የሚያዩሽ ጥቁር ብለው ነው። አንዳንድ ወገናችን «እኛ ኢትዮጵያውያን የተለየን ነን» እያለ ከጥቁር አሜሪካውያን ይርቃል። አንቺ እንዲህ አታድርጊ፤ ዕዳ አለብን። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣልያን ሲመጣብን በኒው ዮርክ፣ በሐርለም ጎዳና ወጥተው የጮኹልን እነሱ ናቸው። አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥቶ የአየር ኃይላችንን መርቷል፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት ሕይወቱ አልፏል። ከመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ተማሪዎቻችን አንዱ የሆኑት ዶክተር መላኩ በያን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ወርልድ ፌዴሬሽንን ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር አቋቁመው፣ ለአገራቸው ሲደክሙ እ.ኤ.አ. በ1940 እዚያው አረፉ። ታሪካቸውን አንብቢ፤ ከማን ጋር መቆም እንዳለብሽ ይነግርሻል።

ስለ መመለስም «ካልተመለስሽ» ብዬ አላስፈራራሽም። ዕውቀት በብዙ መንገድ ይመለሳል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ወሎንኮሚ ተወልደው፣ ዓለማያ ተምረው፣ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሆኑ። ከዚያ የሄዱት እዚሁ ጎረቤታችን ሱዳን ነው፤ ድርቅ የሚችል ድቅል ማሽላ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬ አደረሱ። ቀጥለው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። አቀንጭራ ማሽላውን ከሥሩ ሲመጠው ያየ የዚህ አገር ሰው የዚህን ሥራ ዋጋ ከማንም በላይ ያውቀዋል። እሳቸው የአሜሪካን ቤተ ሙከራ የተጠቀሙት የአፍሪካ ገበሬ የሚያውቀውን ችግር ይዘው ስለገቡ ነው። የጎንደር የጤና ኮሌጅም የተቋቋመው በደንቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ረድተውታል። ከውጭ የመጣው የጠቀመን የእኛን ችግር ሲያገኝ ነው። ችግራችንን ሳታውቂ የምታመጪው ዕውቀት የት እንደሚተከል አያውቅም።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት የኮኪትን አንድ ችግር መርጠሽ ያዢ። እኔ የምመርጥልሽ የቀን ሠራተኛውን ነው። ስሙ፣ የመጣበት ቀበሌ፣ የዘመዱ ስልክ የሚጻፍበት መዝገብ፤ ቢታመም የሚታከምበት፣ ቢሞት የሚቀበርበት መዋጮ፤ ባለሀብቱም ሠራተኛውም የሚያዋጡበት ዕድር ያስፈልገናል። አሜሪካ ስትደርሺ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞቹን ጠይቂ፤ ገንዘብ እንዴት እንደሚይዙ፣ ማን ማንን እንደሚቆጣጠር፣ አዲስ የመጣን ሰው እንዴት እንደሚያምኑት ጻፊልኝ። ስትመለሺ ሽማግሌዎቹን እኔ እሰበስባለሁ፤ የመጀመሪያውንም መዋጮ እኔ እከፍላለሁ። ጸሐፊዋ አንቺ ትሆኛለሽ።