መመለሻውን ሳታዘጋጂ አትነሺ

ልጄ፣ ሰርቨሮቹ አሁን በአንቺ እጅ ገብተዋልና የምነግርሽን ልብ ብለሽ ስሚኝ። የሰርቨር ማስተዳደሪያ ፓናሉን፣ ሲፓናልን፣ ማሻሻል በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ትእዛዙ አንድ መስመር ነው፤ የቀረውን ፕሮግራሙ ራሱ ይጨርሰዋል። የሚከብደው ሥራው መሐል ላይ ሲቆም ወደ ነበርሽበት የምትመለሺበትን መንገድ አስቀድሞ ማበጀት ነው። እዚያ ሰርቨር ላይ የክሊኒኩ የቀጠሮ ገጽ፣ የአስመጪው ኢሜይል፣ የትምህርት ቤቱ የውጤት መዝገብ አለ። ባለቤቶቹ ስምሽን እንኳ አያውቁም፤ የዕለት ሥራቸው ግን በአንቺ ጥንቃቄ ላይ ነው።

የተረከብሽው ሰርቨር በሴንትኦኤስ 7 ላይ የቆመ ነው። የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቷል። ሲፓናልም በዚህ ሲስተም ላይ ከ110ኛው እትም አያልፍም። ስለዚህ «ፓናሉን አሻሽዪ» ሲሉሽ የሚጠይቁሽ ከሥሩ ያለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንድትቀይሪ ነው፤ ይህን አስቀድመሽ ለአለቆችሽ በግልጽ ንገሪያቸው። ኤሌቬት በሚባለው መሣሪያ ያንኑ ሰርቨር ወደ አልማሊኑክስ 8 ማሻገር ይቻላል። አዲስ ሰርቨር ተከራይቶ አካውንቶቹን በፓናሉ የራሱ ማዘዋወሪያ መሣሪያ ማምጣትም ይቻላል። እኔ ለጥቂት ሳምንታት ድርብ ኪራይ ቢያስከፍልም ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አዲሱ እንቢ ቢል አሮጌው እንዳለ ቆሞ ይጠብቅሻልና። ኤሌቬት ሰርቨሩን ደጋግሞ እያስነሳ ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው። መሐል ላይ ከቆመብሽ በእጅሽ ያለው ሲስተም አሮጌውም አዲሱም አይሆንም። በጀት አስገድዶሽ በዚያ ከሄድሽ መጀመሪያ የፍተሻ ትእዛዙን ብቻ አስኪጂ፣ እንቅፋት ብሎ የዘረዘረውን አንድ በአንድ ጨርሺ፣ የመላውን ሰርቨር ስናፕሾት ሳትይዢም አትጀምሪ።

«ባክአፕ አለ» ሲሉሽ «መቼ ተመልሶ ታየ?» ብለሽ ጠይቂ። እዚያው ዲስክ ላይ የተቀመጠ ባክአፕ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድርጅት የደረሰበትን አንብቢ። አንድ ኢንጂነር ሌሊት ላይ ከዋናው ጋር መናበብ ያቆመውን ተጠባባቂ ዳታቤዝ ሲያስተካክል፣ ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር ሰረዘ። ሲያስቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ያህል ነበር። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ እያላቸው አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። ያወጣቸው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጅ የተወሰደ ስናፕሾት ነው። ይህን ሁሉ ሳይሸሽጉ ጽፈው ማውጣታቸውን አከብራለሁ። ስለዚህ ቢያንስ በየወሩ አንድ አካውንት ከባክአፕ አውጥተሽ በሙከራ ሰርቨር ላይ መልሺና በዓይንሽ እዪው። የሚሰርዝ ትእዛዝ ከመስጠትሽ በፊት ደግሞ የት ሰርቨር ላይ እንዳለሽ ስሙን አስጠርተሽ አረጋግጪ።

ማሻሻያው የሚካሄድበትን ሰዓት ለደንበኞች ስትጽፊም ተጠንቀቂ። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ያልሽው በዩቲሲ ለተሞላ ሰርቨር 23፡00 ነው፤ ያውም ያለፈው ቀን። በዋሽንግተን ላለ የማኅበር ድረ ገጽ ደግሞ ያ ሰዓት ሰው ከሥራ ገብቶ ኮምፒውተሩን የሚከፍትበት ምሽት ነው። የበዓል ዋዜማና የፈተና ውጤት የሚለቀቅበት ሳምንት ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምፈራው ልምጣ፤ ዳታቤዙ። ማይኤስኪውኤልን ከ5.7 ወደ 8.0 ካሻገርሽ ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ መመለሻሽ አስቀድመሽ ያወጣሽው ቅጂ ብቻ ነው። በ8.0 አንዳንድ ተራ ቃላት ለሲስተሙ የተያዙ ሆነዋል፤ «ራንክ» አንዱ ነው። የተማሪዎችን ደረጃ የሚያወጣ ድረ ገጽ በዚህ ስም የተጠራ ዓምድ ካለው፣ ትላንት የሠራው ገጽ ዛሬ ስህተት ይመልሳል። ይህ ግን ስሙን በተገቢው ምልክት አጥሮ በመጻፍ የሚታረም ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ የቆዩ ድረ ገጾች አማርኛውን ላቲን1 ተብሎ በተከፈተ ሠንጠረዥ ውስጥ አስቀምጠዋል። ጻፊውም አንባቢውም በአንድ ዓይነት መንገድ ስለተሳሳቱ ገጹ ለዓመታት ደህና ሆኖ ይታያል። አዲሱ ሰርቨር መነሻው ዩቲኤፍ8 ሲሆን ጉዱ ይወጣል። እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ8 ሦስት ባይት ይይዛልና አንዱ ፊደል እንደ ሦስት የተዘበራረቁ ምልክቶች ብቅ ይላል። ያኔ አትደንግጪ፤ ባይቶቹ አሉ፣ ይመለሳሉ። በየፊደሉ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ከታየሽ ግን እጅሽን ሰብስቢና የተቀመጠውን በሄክስ አስነብቢ። የፊደላችን ባይት በኢ1 ይጀምራል፤ ይህን ካገኘሽ የተሳሳተው ግንኙነቱ ነው፣ ጽሑፉ ደህና ነው። 3ኤፍ ብቻ ተደርድሮ ካየሽ የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክት ሆኗል፤ ከባክአፕ በቀር የሚያመጣው የለም። ከዚያ በኋላ «እናስተካክለው» እያሉ በላዩ ላይ መጻፍ የቀረውንም ማጥፋት ነው። ከዝውውር በኋላ የምትፈትሺው የመጀመሪያ ገጽ እንግሊዝኛው ሳይሆን አማርኛው ይሁን።

«ሰርቨሩ ወደቀ» ብለው ሲደውሉልሽ መጀመሪያ የወደቀው ለሁሉም ነው ወይስ ለአንድ ድረ ገጽ ብለሽ ለዪ። ለአንድ ብቻ ከሆነ መላውን ሰርቨር አታስነሺ። ከማሻሻያ በኋላ ነጭ ገጽ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ፒኤችፒ የለመደ ኮድ ነው፤ በፊት ዳታቤዝ ይከፈትባቸው የነበሩት የማይኤስኪውኤል ትእዛዞች ከፒኤችፒ 7 ጀምሮ ተወግደዋልና። ለሁሉም ከሆነ ቶፕን ክፈቺ። ሎዱ ከፍ ብሎ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ከሆነ ሰርቨሩ ዲስክ እየጠበቀ ነው፤ ፕሮሰሰር መጨመር አይፈታውም። ዲስኩ ቦታ እያለው «ሞልቷል» ካለሽ ኢኖዱን ቁጠሪ፤ ማንም ያላጠፋቸው ትንንሽ የሴሽን ፋይሎች በሚሊዮን ተከማችተው ይሆናል። ዳታቤዙ በየጊዜው ራሱን ካጠፋ ሜሞሪ አልቆ ከርነሉ ገድሎት እንደሆነ የከርነሉን መልእክት አንብቢ። የኢሜይል ወረፋው በሺዎች ከተቆለለ የአንዱ ደንበኛ የይለፍ ቃል ተሰርቆ አይፈለጌ መልእክት እየተላከበት ነው ብለሽ ጠርጥሪ።

ይህን ሁሉ ስትመረምሪ አንድ ነገር ለውጪ፣ ውጤቱን እዪ፣ ሰዓቱንና ያደረግሽውን ጻፊ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፊ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኛ ሥራ እውነት ነው፤ ለቀማው የማይቻልበትም አለ። ዲስክ ሲሞላ «ትልቁ ፋይል ይኸው» ብለው የኢኖዲቢን ዋና ፋይል፣ ኢብዳታን፣ የሚሰርዙ አሉ፤ እሱ ራሱ ዳታቤዙ ነው። ዳታቤዙ አልነሳ ሲልም ኢኖዲቢን በግድ የሚያስነሳውን ቅንብር ከ1 ጀምረው ከፍ ያደርጉታል። እስከ 3 ድረስ ስትሄጂ እንኳ መጀመሪያ የፎልደሩን ሙሉ ቅጂ አስቀምጪ። ከ4 ጀምሮ ግን ፋይሎቹን እስከ መጨረሻው ሊያበላሽ ይችላል። እዚያ ከደረስሽ ብቻሽን አትወስኚ፤ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ።

የዝውውሩ ቀን ሲቃረብ የዲኤንኤሱን ቲቲኤል፣ ማለትም ሌሎች ሰርቨሮች አድራሻውን ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ፣ ከተለመደው 14400 ሰከንድ ወደ 300 ዝቅ አድርጊ። አሮጌው ቁጥር አራት ሰዓት ማለት ስለሆነ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይሁን። አዲሱ ሰርቨር አዲስ አይፒ አለው፤ ኤስፒኤፉ ላይ ካልጻፍሽውና የተገላቢጦሹን ዲኤንኤስ ካላስተካከልሽ የደንበኞችሽ ኢሜይል ወይ ይመለሳል ወይ አይፈለጌ ሳጥን ውስጥ ይቀራል፤ የድረ ገጹን መሥራት አይተሽ ሥራው አለቀ አትበዪ። አንዳንድ ሰርቨሮች የድሮውን አድራሻ ይዘው ስለሚቆዩ ከዝውውሩም በኋላ ወደ አሮጌው ኢሜይል መግባቱ አይቀርም። በየቀኑ የአሮጌውን የኢሜይል ፕሮግራም፣ የኤግዚምን፣ ሎግ እያየሽ የገባውን ወደ አዲሱ አዛውሪ። ለተከታታይ ቀናት ምንም ካልገባ የመጨረሻውን ባክአፕ ወደ ሌላ ቦታ ቅጂ፣ መከፈቱንም አረጋግጪ፤ የአሮጌውን ኪራይ የምታቋርጪው ከዚያ በኋላ ነው።