ስንቆጥር የዘለልናት

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ሰው። ወዴት እንደሚስብ ግን አይናገርም። እኛም ካለፈው ክረምት በፊት ይህን ጠይቀን አናውቅም ነበር። ያስጠየቀን አጎታችን ነው። የዲቪ ዕጣ ደርሶት አሜሪካ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እዚያ የተወለዱት ልጆቹ «ከየት ነን?» እያሉ ቢያስቸግሩት ጊዜ ደወለና «እምዬን ጠይቁልኝ፤ እስከ ሰባት ቤት ጽፋችሁ ላኩ» አለን። ቀላል ነገር መሰለን። ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን አያታችን ፊት ቁጭ አልን።

እምዬ የሟቹን ባለቤታቸውን የአባባን ዘር ከራሳቸው ዘር አብልጠው ያውቃሉ። ከአባባ ወደ አባታቸው፣ ከአባታቸው ወደ አያታቸው እያሉ በወንዱ በኩል ያለ ምንም ችግር ወጡ። «እስቲ ደግሞ በሴቶቹ በኩል» ስንላቸው አራተኛው ቤት ላይ፣ የአባባ አያት ዘንድ ሲደርሱ ዝም አሉ። ቡናቸውን ፉት አሉና «እሷን ዝለሏት» አሉን።

«ለምን እምዬ?»

«የተገዛች ናት። ከዓባይ ማዶ፣ ከቆላ ያመጧት ናት። ስሟንም ጌቶቿ ናቸው ያወጡላት። ደሞ ይሄ ባሕር ተሻግሮ ይላካል?»

ውድ አንባቢ፣ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። ዘር የምንቆጥረው ለምንድን ነው? ስንቆጥርስ አንዱን ጠርተን ሌላውን የምንዘለው በምን መብት ነው?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በሰሜኑ ያገራችን ክፍል ዘር መቁጠር የጨዋታ ነገር አልነበረም። አንድም ለጋብቻ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ እንዳይጋቡ። ሁለትም ለርስት ነው። ርስት ፈላጊ መሬቱን መጀመሪያ እስከ ያዘው አቅኚ አባት ድረስ፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ በኩል፣ ቆጥሮ መድረስ ነበረበት። መካከል ላይ ስም የጠፋበት ሙግቱን ይረታል። እንግዲህ ቆጣሪው ሁሉንም አይቆጥርም፤ መሬት ወዳለበት ነው የሚቆጥረው። እሷ ደግሞ መሬት የላትም። በእሷ በኩል ቆጥሮ አንድ ጥማድ የሚያገኝ የለም። የተዘለለችው ስለ ተናቀች ብቻ ሳይሆን ስለማታስገኝም ነው።

ይህ ሁሉ በሕግ አክትሟል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ተሻረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነና ርስትም ቀረ። ታዲያ ባርነቱም የለ፣ ርስቱም የለ፤ መዝለሉ ግን አለ። አዋጁ እቤታችን ድረስ አልገባም ማለት ነው።

እምዬን ክፉ አድርጎ የሚያይ ካለ ይሳሳታል። «እናንተ ተምረናል ትላላችሁ፤ ነገ ሽማግሌ ስትልኩ ‹ዘራቸው ማነው?› ሲባል ታዩታላችሁ» አሉን። እውነታቸውን ነው። ዛሬም በዚህ ምክንያት የሚፈርስ ጋብቻ፣ በጠብ መካከል የሚወረወር ስድብ አለ። እምዬ የዘለሏት እኛን ለመጠበቅ ነው። ከዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ለሕያዋን ልጆች ሲባል የሞተችን እናት መካድ ይገባል ወይ?

መጻሕፍቶቻችንም በዚህ ጉዳይ ሁለት ልብ ናቸው። ፍትሐ ነገሥት ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነፃ መሆኑን ከተናገረ በኋላ ወረድ ብሎ ስለ ባሪያ ይደነግጋል። በሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ውስጥ ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። ፈላስፋው የሀብቱን ቤት አገልጋይ ሒሩትን ለጋብቻ ሲጠይቅ፣ ሀብቱ አገልጋይህ ትሁን ይለዋል። እሱ ግን ሚስት እንጂ አገልጋይ አልፈልግም፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ብሎ ይመልሳል። መጽሐፉን ማን ጻፈው የሚለው ክርክር ገና አልተቋጨም። ቢሆንም ማንም ይጻፈው፣ የሒሩት ስም ተጽፏል፤ አገልጋይ መሆኗም አልተደበቀም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ ወሎን ሲመታ አባባ ቤተሰባቸውን ይዘው በሰፈራ ሄዱ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰው ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ተወስዷል። ወዶ የሄደ ነበር፤ ተገዶ የሄደም ነበር። ለእኛዎቹ የደረሳቸው መተከል ነው፤ ፓዌ። ሰባት ቤት ቆጥረው የሚሟገቱ ሰው በቁጥር በሚጠራ መንደር ውስጥ ገቡ።

ያ መሬት ባዶ ነው ተብሎ ነበር። ባዶ ግን አልነበረም። የጉሙዝ ሕዝብ እያፈራረቀ የሚያርሰው፣ የሚያድንበት፣ ማር የሚቆርጥበት አገር ነው። የጉሙዝን ሕዝብ ደግሞ ከደጋ የወረደ ባሪያ ፈንጋይ ለብዙ ዘመን ልጆቹን ሲነጥቀው ኖሯል። መተከል ከወሎ ሲታይ ከዓባይ ማዶ ነው፤ ቆላም ነው። እሷ የተወሰደችው ከዚያ ነው ብለን አንምልም። ግን እንበልና ከዚያ ከሆነች፣ አባባ በሰፈራ መኪና ተጭነው የሄዱት ወደ አያታቸው አገር ነበር። ሳያውቁ፣ እንደ መጤ።

ከ2011 ዓ.ም. በኋላ በመተከል ሰው በዘሩ እየተለየ ተገደለ፤ ተፈናቀለ። ጉሙዙም አለቀሰ፣ ሌላውም አለቀሰ። እምዬም ያላቸውን ጥለው አዲስ አበባ፣ አባታችን ዘንድ መጡ። ያኔ «ማነው ነባር፣ ማነው መጤ?» የሚለው የሞትና የሕይወት ጥያቄ ሆኖ ነበር። እኛስ ምንድን ነን? በጠራናቸው በኩል መጤዎች ነን። በዘለልናት በኩል ምናልባት ነባር ነን። ሰው የሚሞትበት ልዩነት በየት በኩል ቆጠርክ ከሚለው ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ ቆጠራው ራሱ መመርመር የለበትም ትላላችሁ?

«የአባቶች ጥፋት በልጆች ላይ ይቆጠራል ወይ?» የሚለን ይኖራል። አይቆጠርም። ደግሞስ ማን ማንን ይከሳል? እኛ የገዢውም የተገዛችውም ልጆች ነን። እኛ የምንለው ሌላ ነው። እስከ ዛሬ ዘር ሲቆጠር «ምን ይገባኛል?» ለማለት ነበር፤ መሬት፣ ክብር፣ ነባርነት። ከእንግዲህ «ምን አለብኝ?» ብለን እንቁጠር። ያለብን ደግሞ ካሣ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት መጥራት ነው።

አንድ ነገር ልብ ብላችኋል? እምዬ ሌሎቹን በሙሉ «እሳቸው» ሲሉ ቆይተው እዚያ ላይ ሲደርሱ «እሷ» አሉ። እኛም እስከዚህ መስመር ድረስ ሳናስበው «እሷ» እያልን መጥተናል። የአባባ አያት ናቸው። ከዚህ በኋላ እሳቸው ነው የምንለው።

በመጨረሻ እምዬ «ስሟን ጻፉ፤ መገዛቷን ተዉት» አሉን። ከመካከላችን ግማሹ ይበቃል አለ። ግማሹ ደግሞ ስማቸውን ያወጡት ጌቶቻቸው ከሆኑ፣ ስሙን ብቻ መጻፍ የጌቶቹን ቃል መድገም ነው ብሎ ተከራከረ። ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። ከዚያ በስማቸው ሥር አንድ መስመር ጨመርን፤ «ከዓባይ ማዶ ተወስደው የተሸጡ። እናታቸው ያወጡላቸው ሌላ ስም ነበራቸው።» ለእምዬ አነበብንላቸው። ቆጣም አላሉ፤ መረቁንም አላሉ። «እናታቸው» የሚለውን ብቻ ሁለት ጊዜ ደጋግመው «ለካ እናትም ነበረቻቸው» አሉ።

ወረቀቱ በነሐሴ ለአጎታችን ተልኳል። ስማቸውን እዚህ ያላተምነው እምዬ በሕይወት እያሉ ከቤት እንዳይወጣ ቃል ስለ ገባን ነው። አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም ለዕረፍት ቤት ስትገቡ ዘር አስቆጥሩ። የሚቆጥርላችሁ ሰው አንድ ቦታ ላይ ዝም ካለ፣ ወደሚቀጥለው ስም አትለፉ።