አንባቢን ስለ መሰብሰብና አንባቢን ስለ መጠበቅ

ገበሬ ዘሩን በጎተራ ቆልፎ ቢያስቀምጠው ነቀዝ እንጂ እሸት አያገኝበትም፤ ደራሲም የደከመበትን ጽሑፍ በሣጥን ቢያኖረው ከድካሙ የሚጠቀም ሰው የለም። ስለዚህ ደራሲ አንባቢን መፈለጉ ተገቢ ነገር ነው። ዳሩ ግን ይህ ፍለጋ በፌስቡክና በቴሌግራም በኩል መደረግ ከጀመረ ወዲህ አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሥቷል። ይኸውም፦ ደራሲ ተከታዮቹ ሲበዙለት እርሱ አንባቢዎቹን ሰበሰበ እንበል፣ ወይስ አንባቢዎቹ እርሱን ማረኩት እንበል? የሚለው ነው።

አንዳንድ ሰዎች «መልካም ሥራ ራሱ ይናገራል፤ ደራሲ በየአደባባዩ አንባቢ መለመኑ ውዳሴ ከንቱን መፈለግ ነው» ይላሉ። ይህ አሳብ ክብር ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን ታሪክ አይመሰክርለትም። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ በኋላ በየሳምንቱ እየወጣ ጸሐፊንና አንባቢን አገናኝቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም መጻሕፍትን መድረስ ብቻ አልበቃቸውም፤ በግዕዝና በአማርኛ የሚገኙትን መጻሕፍት ዝርዝር ጭምር አሳትመው አንባቢ የሚፈልገውን እንዲያውቅ አድርገዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ፣ ፊደል ያልቆጠረው እንኳ ሳይቀር ሰምቶታል። ይህን ሁሉ ልመና ብሎ የነቀፈው ሰው የለም። እንግዲህ ነቀፋ ካለ በአፈላለጉ ላይ ነው እንጂ በፍለጋው ላይ አይደለም።

ዛሬ በአዲስ አበባ በልደታ ሰፈር፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የከተማ ባቡር የሚጠብቅ ሰው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አንድ ወግ አንብቦ ይሳፈራል። ደራሲውም የማተሚያ ቤት ዋጋ ሳይከፍል ከእርሱ ዘንድ ደርሷል። እንደ በዕውቀቱ ሥዩም ያሉ የታወቁ ደራስያን አጫጭር ወጎቻቸውን በፌስቡክ ያቀርባሉ፤ ሌሎችም በቴሌግራም ድርሰታቸውን ከፋፍለው ይልካሉ። ቀድሞ ደራሲ ብዙ ጊዜ ጠብቆ ይሰማው የነበረውን የአንባቢ አሳብ ዛሬ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰማዋል። ይህ ታላቅ ጸጋ መሆኑን መካድ አይገባም።

የአንባቢ መልስ ቶሎ መድረሱ ለቅኔ ቤት ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ በጉባኤ ሲያቀርብ፣ የሰማው ሰው ደስ ያለው እንደ ሆነ «ይበል!» ይላል። ዳሩ ግን «ይበል» ባዩ ማን ነው? ሰሙን ከወርቁ የሚለይ፣ ቤቱ ሲሰበር የሚያውቅ፣ ምስጢሩ ሲጎድል ዝም የሚል ሰው ነው፤ ዝምታውም ራሱ ትምህርት ነው። መምህሩም የተመሰገነውን ቅኔ እንኳ ጉድለት ካገኘበት ያርመዋል። ከዚህም በላይ የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አይደገምምና፣ ምስጋናው ተማሪውን ወደ አዲስ ድካም ይመራዋል እንጂ በአንድ ስፍራ አያስቀምጠውም።

ፌስቡክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ያወጣው «ላይክ» የተባለው ምልክት ግን የዐዋቂውንና የአላፊ አግዳሚውን «ይበል» በአንድ ቁጥር ይደምራል። ከዚህም የሚብስ አለ። በ2021 ይፋ የወጡ የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች እንዳስረዱት፣ ከ2017 ጀምሮ የቁጣ ምልክት፣ እንደ ሌሎቹ የስሜት ምልክቶች ሁሉ፣ ጽሑፍን ለብዙ ሰው በሚያደርሰው ሚዛን ላይ የላይክን አምስት እጥፍ ይመዝን ነበር። የቁጣው ክብደት ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሰውን ያስቆጣ ጽሑፍ በጸጥታ ከተወደደ ጽሑፍ ይልቅ ሩቅ የመሄድ ዕድል ነበረው ማለት ነው። ቁጥርን ብቻ ያየ ደራሲም ሳያውቀው ማስቆጣትን ይማራል። ተከታይ ያለው ሰው መሪ ይባላል፤ ተከታዩን ዘወር እያለ አይቶ መንገዱን የሚለውጥ ግን እርሱ ራሱ ተከታይ ሆኗል።

የዚህም ዋጋ ከስም መጉደል አልፎ እስከ ሕይወት ይደርሳል ተብሎ ተከሷል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ከሳሾች ያሉበት ክስ በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌስቡክ ባለቤት ላይ ቀርቧል። የከሳሾቹ አቤቱታ፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የጥላቻ ጽሑፎች እንዲስፋፉ የኩባንያው አሠራር ረድቷል፣ ሰውም ሞቶበታል የሚል ነው። ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። የአገራችን ሕግም ስለ ተከታይ ብዛት ዝም አላለም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 መሠረት፣ ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨ ሰው እስከ 1 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ሲያገኘው፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ያሠራጨ ግን እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርስበታል። የፍርድ ቤት ደጅ ባለበት በልደታ ለሚኖር ጸሐፊ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። ሕጉ ስለ ጥላቻ ንግግርና ስለ ሐሰተኛ መረጃ የተናገረ ቢሆንም ለደራሲ ሁሉ አንድ ምስጢር ያስተምራል፤ የአንባቢ ብዛት ሸክምን ይጨምራል እንጂ አያቀልልም።

ምናልባት «ደራሲም ይራባል፤ ቤተ ሰብም አለው፤ መጽሐፉ ካልተሸጠ በምን ይኖራል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ እውነተኛ ቃል ነው፤ ድኻ ደራሲን በትሕትና ስም ዝም እንዲል መምከርም ፍርደ ገምድልነት ነው። ደግሞም እውነተኛው ሰው ከአደባባዩ ቢሸሽ አደባባዩ ባዶ አይቀርም፤ ሐሰተኛው ይይዘዋል። ስለዚህ መውጣቱ ይገባዋል። ነገር ግን አንባቢን እንደ ገንዘብ የሚቆጥርና አንባቢን እንደ አደራ የሚቀበል መንገዳቸው የተለያየ ነው።

አንባቢን በአደራ የተቀበለ ደራሲ የሚጽፍበትን ቀን ወስኖ ይጠብቃል፤ አንባቢ እንደ ጋዜጣ ቀኑን አውቆ ይጠባበቀው ዘንድ። ርእሱ ከውስጡ የሌለውን ነገር ተስፋ አይሰጥም። በቅንነት ለጠየቀው መልስ ይሰጣል፤ ለስድብ ግን ዝምታን ይመርጣል። ስሕተቱን ያሳየውን ሰው አመስግኖ፣ ስሕተቱ በታየበት በዚያው ገጽ ያርማል። የሌላውን ደራሲ መጽሐፍ ያለ ፈቃድ በቴሌግራም በትኖ ተከታይ አያበዛም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞቱም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃልና፣ እንዲህ ያለው ስብሰባ ከስርቆት የተገኘ ነው። ከሁሉም ይልቅ፣ እስከ መጨረሻው መስመር አንብበው የሚከራከሩትን ሃያ ሰዎች በጣት ነክተው ከሚያልፉት ሃያ ሺህ ሰዎች አብልጦ ያከብራል፤ መጽሐፉን ገዝተው የሚያነቡት፣ ለጎረቤትም የሚያውሱት እነዚያ ናቸውና።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ አደራ በደራሲው ላይ ብቻ የተጣለ አይደለም። ሳያነብ «ይበል» የሚል ሰው ደራሲውን ያበላሻል፤ አንብቦ ጉድለቱን በጨዋ ቃል የሚነግረው ግን ያሳድገዋል። ደራሲም ልቡን ሊመረምር ቢወድ እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ ነገ ጠዋት ቁጥሮቹ ሁሉ ከገጹ ላይ ቢሠወሩ፣ ከጻፋቸው ነገሮች የትኞቹን ደግሞ ይጽፋቸው ነበር? ያን ጊዜም የሚጽፈው ነገር ካለው፣ እርሱ በእውነት አንባቢ ይገባዋል።