ትንቢትን ለምን እናጠናለን?



በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ ገጽ ላይ ያገኘነው ሳይሆን ከመካከላችን የፈለቀ ነው። በዩኒቨርሲቲ በምንማረው ወጣቶች ዘንድ አንድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ ነበር። በወረቀቱ ላይ ከትንቢተ ዳንኤልና ከዮሐንስ ራእይ የተለቀሙ ቁጥሮች ተደርድረው፣ ተደምረውና ተባዝተው፣ በመጨረሻ «ጌታ የሚመጣው በዚህ ዓመት ነው» የሚል ውጤት ላይ ይደርሳሉ። ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ከእኛው አንዱ የሆነ ወንድማችን ይህን ካነበበ በኋላ «ዓለሙ ሊያልፍ ዲግሪ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ የመንፈቁን ፈተና ሳይቀመጥ ቀረ። ወላጆቹ በግና ጤፍ እየሸጡ ነበር የሚያስተምሩት። የተባለው ዓመት መጣ፤ ሄደም። ወንድማችን ግን በዚያን ጊዜ ከትምህርቱም ከጉባኤያችንም ርቆ ነበር። አግኝተን ስናነጋግረው «ከእንግዲህ ትንቢት የሚባል ነገር አታንሡብኝ» አለን።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ነገር እኛም ንጹሐን አይደለንም። ያን ወረቀት በእጃችን ገልብጠን ለሌላ ያሳለፍን አለን። ለወንድማችን የሰጠውም ከመካከላችን አንዱ ነው።

ከዚህ በኋላ በጉባኤያችን ሁለት ሐሳብ ተነሣ። አንዳንዶቻችን «ትንቢት ለሊቃውንት ይተው፤ እኛ ስለ ጾምና ስለ ጸሎት ብንማር ይበቃናል» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ስሕተቱ የስሌቱ እንጂ የስሌቱ መኖር አይደለም፤ በትክክል ቢቆጠር ይደረስበታል» አልን። ብዙ ከተከራከርን በኋላ እንደ ተረዳነው ሁለቱም ወገኖች በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ሁለቱም ትንቢት ማለት የወደፊቱን ማወቂያ ነው ብለው ይዘዋል፤ አንዱ ፈርቶት ይሸሻል፣ ሌላው ወዶት ይቆጥራል። ነገር ግን ይህ ሰው ወደ ኮከብ ቆጣሪና ወደ አውደ ነገሥት ገላጭ ይዞት የሚሄደው ጥያቄ ነው። ያንኑ ጥያቄ ለኢሳይያስና ለዳንኤል ማቅረብ ጥያቄውን አይቀድሰውም።

ቀን መቁረጥ በእኛ አልተጀመረም። በአሜሪካ አገር ዊልያም ሚለር የተባለ ገበሬና ሰባኪ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን 2300 ቀን እንደ 2300 ዓመት ወስዶ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ457 ጀምሮ ቆጠረ። ተከታዮቹም በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1844ን ቆረጡ። አዝመራቸውን ሳያጭዱ የጠበቁ ነበሩ። ሌሊቱ ነጋ፤ እንደ ወትሮው ፀሐይ ወጣች። በእኛም ዘመን በዚያው አገር ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለ የራዲዮ ሰባኪ እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2011ን ቆርጦ ነበር። ሳይሆን ሲቀር ወደ ኦክቶበር 21 አዛወረው፤ ያም አለፈ። በ2012 ይህን ማድረጉ ኃጢአት እንደ ነበረ በይፋ አምኗል፤ ለዚህም እናከብረዋለን። ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለማስታወቂያው ያፈሰሱት ተከታዮቹ ግን ገንዘባቸውን መልሰው አላገኙትም። ጌታችን ስለዚያች ቀንና ሰዓት የተናገረውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ እነርሱም ያውቁት ነበር። እንግዲህ ችግሩ የእውቀት ማነስ ብቻ አይመስለንም።

ይህን ስናሰላስል ወደ ትንቢተ ዮናስ ተመለስን። አራት ምዕራፍ ብቻ ናት፤ በአንድ መቀመጫ ታልቃለች። ሁላችንም ስለ ዓሣ አንበሪው እናስታውሳለን፤ መጨረሻዋን ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም ነበር። ዮናስ ነነዌ በተወሰነ ቀን እንደምትጠፋ ተናገረ። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ በአመድ ላይ ተቀመጠ፤ ሰው ብቻ ሳይሆን ከብቱም ጾመ። እግዚአብሔርም ራራ። ቀኑ አለፈ፣ ከተማይቱም ቆመች። በዚህ ጊዜ ነቢዩ ደስ ሊለው ሲገባ ተቆጣ፤ ሞትንም ለመነ። ከከተማይቱ ውጭ በምሥራቅ በኩል ዳስ ሠርቶ፣ ምን እንደምትሆን ሊያይ ከጥላው ተቀመጠ።

ያቺ ዳስ አስደነገጠችን። ዮናስ ትንቢቱን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የተሰጠውም ለእርሱ ነው። የጎደለው እውቀት አይደለም። የጎደለው በከተማይቱ ውስጥ ላሉት ሰዎች ማዘን ነው። እነርሱ ሲያለቅሱ እርሱ ቀኑን ይቆጥራል። ወረቀቱን ስንገለብጥ እኛስ የት ነበርን? ስለሚጠፋው ሰው አልቅሰን እናውቃለን? ወይስ «ይህ መንግሥት አውሬው ነው፣ ያ ሕዝብ ጎግና ማጎግ ነው» እየተባባልን፣ ከውጭ ሆነን ለማየት ቸኩለን ነበር? ወንድማችን ፈተናውን ትቶ ሲቀር እንኳ «እንዴት ያለ እምነት ነው!» ብሎ ያደነቀው ከመካከላችን ነበረ። በተሰሎንቄም የጌታ ቀን ደርሷል በሚል ወሬ የታወኩ እንደ ነበሩ፣ ሥራቸውን ትተው የሚዞሩም እንደ ነበሩ እናነባለን። ሐዋርያው አላደነቃቸውም፤ በጸጥታ ሠርተው የገዛ እንጀራቸውን እንዲበሉ ነው ያዘዛቸው።

እዚህ ላይ አንዲት እኅታችን ከባድ ጥያቄ አነሣች። «ንስሐ ከገቡ ትንቢቱ የሚቀር ከሆነ፣ ታዲያ በትንቢት እንዴት እንታመናለን?» አለች። በአንድ ጉባኤ የሚያልቅ ጥያቄ አይደለም፤ ሆኖም የደረስንበትን እንጽፋለን። በኤርምያስ ምዕራፍ 18 ነቢዩ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ተልኮ፣ ጥፋት የተነገረበት ሕዝብ ከክፋቱ ቢመለስ እግዚአብሔርም ከቁጣው እንደሚመለስ ተነግሮታል። እንግዲህ የነነዌ መዳን ትንቢቱ መክሸፉ ሳይሆን የተላከበትን ሥራ መሥራቱ ነው። የመሲሕ ተስፋ ግን ከዚህ ይለያል፤ ሕዝቡ ከዳ፣ ነገሥታቱ በደሉ፣ ኢየሩሳሌምም ፈረሰች፤ ተስፋው ግን አልተሻረም። ቁጣው ይመለሳል፣ ምሕረቱ ግን አይመለስም። ይህን ልዩነት ለማየት ደግሞ ነቢያትን ማንበብ ግድ ነው፤ በወሬ አይገኝም።

ትንቢትን በትክክል ያጠና ሰው ማን ነው ብንል፣ ዳንኤል ራሱ ነው። በምዕራፍ 9 እንደ ተጻፈው የኤርምያስን መጽሐፍ እያነበበ የምርኮው ዘመን 70 ዓመት መሆኑን አስተዋለ። ቁጥር አገኘ ማለት ነው! ከዚያ ምን አደረገ? በባቢሎን አደባባይ አልለጠፈውም። ማቅ ለብሶ፣ አመድ ነስንሶ፣ ጾሞ ጸለየ። በጸሎቱም «እነርሱ በደሉ» አላለም፤ ያልበደለው ሰው ራሱን ከበደሉት ጋር ቆጠረ። ቁጥሩ ወደ ጉልበቱ አወረደው እንጂ ወደ ዳስ አላወጣውም።

በመኝታ ክፍሎቻችን የሚነሣውን ሌላ ክርክር ደግሞ አናልፈውም። የማያምኑ ጓደኞቻችን «እነዚህ ትንቢቶች ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ የተጻፉ ናቸው» ይሉናል። ይህን በቁጣ ሳይሆን በትምህርት መመለስ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ1947 በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ውስጥ ከተገኙት ጥቅልሎች አንዱ የትንቢተ ኢሳይያስ ነው። ርዝመቱ ከ7 ሜትር ይበልጣል፤ 66ቱንም ምዕራፍ ይዟል። ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፈ መሆኑን ይናገራሉ። ስለዚህ እንደ በግ ወደ መታረድ ስለ ተወሰደው ስለ ምዕራፍ 53 ሰው የተነገረው ቃል፣ ጌታችን በቤተ ልሔም ሳይወለድ በቀለም ተጽፎ በጥቅልል ላይ ነበረ። (በዚያው አካባቢ ዋሻዎች የመጽሐፈ ሄኖክ የአራማይክ ቁርጥራጮችም ተገኝተዋል። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የቆየው ግን በግእዝ ብቻ ነው፤ አባቶቻችን በብራና እየገለበጡ ስላቆዩት። እነርሱ የገለበጡትንና እኛ የገለበጥነውን ስናስተያይ እናፍራለን።)

ይሁን እንጂ ጥቅልሉ ብቻውን አማኝ አያደርግም። ጓደኛችን «እሺ፣ ቀድሞ ተጽፏል፤ ግን ስለ ማን ነው የተጻፈው?» ሊለን ይችላል። ይህ ጥያቄ ክፉ ጥያቄ አይደለም፤ የእኛው የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ጥያቄ ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ ይህንኑ ምዕራፍ ሲያነብ፣ ነቢዩ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ብሎ ፊልጶስን ጠየቀ። ትልቅ ባለ ሥልጣን ሲሆን አለማወቁን አልደበቀም፤ የሚመራኝ ከሌለ እንዴት ይገባኛል አለ። በዚያን ዕለት የተነገረው ስሌት አልነበረም፤ ክርስቶስ ነው። ውኃ ባየ ጊዜም ጠየቀና ተጠመቀ። ወንድማችን ያን ወረቀት ሲያነብ አብሮት በሠረገላው ላይ የተቀመጠ ፊልጶስ አልነበረም። እኛ ነበርን፤ ግን አልተቀመጥንም።

የሄሮድስን ጸሐፍትም አንርሳ። ሰብአ ሰገል መሲሑ የት ይወለዳል ብለው በጠየቁ ጊዜ ጸሐፍቱ አላመነቱም፤ የሚክያስን ትንቢት አስታውሰው «በቤተ ልሔም» አሉ። መልሱ ትክክል ነው፤ ፈተና ቢሆን ሙሉ ነጥብ ያገኙበታል። ከኢየሩሳሌም እስከ ቤተ ልሔም 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግር ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከሩቅ የመጡት ሄዱ፣ የሚያውቁት ግን ሲሄዱ አናይም።

ቤተ ክርስቲያናችን ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያትን የምታስጾመን፣ በታኅሣሥም ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብላ ሰንበታቱን የሰየመችልን፣ ነቢያትን በጾምና በናፍቆት እንድንሰማቸው ይመስለናል። በባዶ ሆድ የሚነበብ ትንቢትና ከእራት በኋላ ለጨዋታ የሚነበብ ትንቢት አንድ አይደሉም።

ባለፈው ጾመ ነነዌ፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ባሉት ሦስት ቀናት፣ ከመካከላችን ሁለቱ ወደዚያ ወንድማችን ዘንድ ሄዱ። አንደኛው ወረቀቱን የሰጠው ነው፤ አስቀድሞ ይቅርታ ጠየቀው። ስለ ቁጥር አልተነጋገሩም። ዩኒቨርሲቲው መልሶ እንዲቀበለው የሚቀርበውን ማመልከቻ አብረውት ጻፉ። ማመልከቻው ገና መልስ አላገኘም። እርሱ ግን በቀጣዩ እሑድ መጥቶ ከኋለኛው ወንበር ተቀመጠ። ትንቢተ ዮናስ ይነበብ ነበር። እግዚአብሔር ነቢዩን፣ ቀኝና ግራቸውን ለይተው ለማያውቁ ከ120,000 ለሚበልጡ ሰዎችና ለብዙ እንስሳት አላዝንምን ብሎ ከጠየቀበት ላይ ስንደርስ መጽሐፉ አለቀ። ወንድማችን እጁን አወጣና «ዮናስ ምን ብሎ መለሰ?» አለ። አንባቢው ገጹን ገልብጦ አየ። መልስ አልተጻፈም፤ ቀጥሎ ያለው ሌላ መጽሐፍ ነው።