ያጠፋኋት መብራት

መብራቷ የበራችው መቂ ላይ ነው። የአባቴ አሮጌ ሃይሉክስ 3ኤል የሚባለው 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር አለው። ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል ምልክት በራ፤ የታይሚንግ ቺንጋውን ቀይሩ ማለት ነው። አባቴ «ሽንኩርቱ ይሸጥና በሚቀጥለው ወር ይቀየራል» አለ። ሾፌራችን ግን መብራቷ እየበራች መንዳቱን አልወደደውም።

እኔ ማንዋሉን አነበብኩ። መብራቷ ለካ ቺንጋውን አታየውም! ኪሎሜትር ብቻ ነው የምትቆጥረው፤ በየ100,000ው ትበራለች። ቆጣሪው መስታወት ላይ ያለችውን ትንሽ የጎማ ክዳን አንስቶ ውስጡን በቀጭን ነገር መጫን ያጠፋታል። አጠፋኋት። ለማንም አልተናገርኩም።

ይህ ቺንጋ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ እንዲዞር ያደርጋል። ከተበጠሰ ካምሻፍቱ ይቆማል፤ ክፍት የቀሩትን ቫልቮች ፒስተኖቹ ከስር ይመቷቸዋል። አንዳንድ የቤንዚን ሞተሮች በመሃል ክፍተት ስላላቸው ዝም ብለው ይጠፋሉ። ናፍጣ ላይ ግን ቦታው ጠባብ ስለሆነ ምሕረት የለም።

የእኛው አለም ጤናን አልፎ፣ ቆቃ ሳይደርስ፣ ሽንኩርት እንደጫነ ቆመ። ቴስታታው ሲወርድ ቫልቮቹ ታጥፈዋል። አባቴ «አለአግባብ ነድተኸው ነው» ብሎ ከሾፌሩ ደመወዝ ሊቆርጥ ወሰነ። እኔ እዚያው ቆሜ ዝም አልኩ።

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞሮ «ኢንጂነር፣ መብራቷ ጠፍታ ነበር እኮ። ተቀየረ ብዬ ነው» አለኝ።

ዋሽቻለሁ? አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ቺንጋውም መብራቷ ከመጥፋቷ በፊትም በኋላም ያው ነው። ግን መብራቷ የተሠራችው መሪ ለሚይዘው ሰው ልትነግር ነው። እኔ ሳጠፋት «ቺንጋው ደህና ነው» አልኩት ማለት ነው። ሥራ ቦታዬ ላይ የሲስተም አላርም የሚያጠፋ ሰው ስሙን፣ ምክንያቱንና እስከ መቼ እንደሆነ ይጽፋል፤ ተረኛው እንዳይሸወድ። ለሾፌሩ ይህን ያህል እንኳ አላደረግኩለትም። ብነግረው ጭነት ሊቀንስ፣ ወይም አልነዳም ሊል ይችል ነበር። የወሰድኩበት ይህን ምርጫ ነው። ቺንጋው እስከሚቀጥለው ወር ቢቆይ ኖሮም ጥፋቴ ያው ነበር፤ ልዩነቱ ማንም አለማወቁ ብቻ ነው።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ደመወዙ አልተቆረጠም። አዲሱ ቺንጋ ሲገባ ቀኑንና ኪሎሜትሩን ሽፋኑ ላይ በማርከር ጻፍኩ። ሾፌሩ አጠገቤ ቆሞ ቁጥሩን ከቆጣሪው ጋር አመሳከረ። አልተቀየምኩትም።