ሰደቃ የሐቅ ምትክ ይሆናልን?

ባለፈው ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ፣ ነጭ ዘንግ የያዘ አንድ ወጣት ከመስጊዱ አጥር ተጠግቶ ቆሞ አየሁ። እንደ ልማዴ ከኪሴ አሥር ብር አውጥቼ በእጁ አስጨበጥኩት። ወጣቱ ብሩን ዳሰሰውና ፈገግ ብሎ መለሰልኝ። «ጀዛከላሁ ኸይር ወንድሜ፣ እኔ እንኳ የምጠብቀው ጓደኛዬን ነው» አለኝ።

እፍረቴን የምሸሽግበት ባጣ አብሬው ቆምኩ። ስንጨዋወት በሕግ ትምህርት በዲግሪ የተመረቀና ከተመረቀ ሁለት ዓመት ያለፈው መሆኑን ነገረኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተናውን አልፎ ለቃለ መጠይቅ ቢቀርብ፣ ስለ ሕግ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «ማን አመጣህ? ደረጃውን እንዴት ወጣኸው? መዝገብስ እንዴት ታነባለህ?» አሉት። ኮምፒውተር ጽሑፉን በድምፅ እንደሚያነብለት ማስረዳት ሲጀምር «እንጠራሃለን» ብለው ሸኙት። ከጠያቂዎቹ አንዱ ግን እስከ በር ተከትሎት «ለታክሲ ትሁንህ» በማለት ሃምሳ ብር ኪሱ ከተተለት።

ውድ አንባቢያን! ያ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ደግ ሥራ የሠራ ሳይመስለው አይቀርም። እኔም ያቺን አሥር ብር ስዘረጋ እንዲያው ነበር የመሰለኝ። ታዲያ እኔንና እርሱን ምን ይለየናል? ጥያቄው ይህ ነው፦ ለአካል ጉዳተኛ ወገናችን ሥልጠናና ሥራ ማግኘት የእኛ ቸርነት ነው ወይስ የእርሱ ሐቅ? ቸርነት ከሆነ ስንፈልግ እንሰጣለን፣ ሳንፈልግ እንተዋለን። ሐቅ ከሆነ ግን የያዝነው የሰው ንብረት ነው። የሰው ንብረት ይዞ ሰደቃ መስጠት ደግሞ ዕዳን አይከፍልም።

የአገራችን ሕግ ሐቅ ነው ይላል። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። በ2000 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ደግሞ አሠሪው የሥራና የሥልጠና ቦታውን እንዲያመቻች፣ ረዳትም እንዲመድብ ያስገድዳል። አድልዎ ተፈጸመብኝ የሚል አካል ጉዳተኛ ሲከስ የማስረዳት ሸክሙ በእርሱ ላይ አይወድቅም። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ያጸደቀችውም በ2002 ዓ.ም ነው። ወረቀቱ ሞልቷል፤ ወጣቱ ግን ዛሬም ከአጥሩ ሥር ቆሟል።

ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ነገሩ አዲስ ሊሆንብን አይገባም ነበር። ዐብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ዓይነ ስውር ነበሩ። ሱረቱ ዐበሳ በማን ምክንያት እንደ ወረደች የማያውቅ የለም። ከዚያ ወዲያ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቢላል (ረ.ዐ) ጋር ሙአዚን አደረጓቸው፤ ለጉዞ ሲወጡም በመዲና ላይ የተኳቸው ጊዜ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። የሱብሒ አዛን የሚባለው ጎህ መቅደዱ በዓይን ታይቶ ነው። ይህን ሥራ ለማያይ ሰው መስጠት ለዛሬ ቀጣሪ እብደት ይመስለዋል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ እንደምንረዳው፣ ሰዎች «ነግቷል» ብለው ሲነግሯቸው ነበር አዛን የሚሉት። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ እርሱን የሚነግር ሰው ተገኘና ሥራው ተሠራ። ዛሬ «ረዳት ይመደብ» እያለ አዋጁ የሚጠይቀው ከዚህ ምን ይለያል?

«ጤነኛው ተመራቂ ሥራ ባጣበት ዘመን!» የሚሉ አሉ። አባባሉ ችግሩን ያሳያል እንጂ መልስ አይሆንም። ሥራ ከጠበበ ለሁሉም ይጥበብ፤ ተፈትኖ ያለፈን ሰው በዓይኑ ምክንያት መመለስ ግን የድህነት ሳይሆን የፍርድ ጉድለት ነው። ትንሹ ነጋዴ «ለመሣሪያውና ለረዳቱ ማን ይከፍላል?» ቢል አልፈርድበትም። የመንግሥት ድጋፍ የሚያስፈልገውም እዚሁ ላይ ነው። ወጪውን ይጋራ፤ የሙያ ማሠልጠኛዎች የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይኑራቸው፤ ሠልጣኙም ዓይነ ስውር ነውና መጥረጊያ ይሥራ ሳይባል ሙያውን ራሱ ይምረጥ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ሕጉን ይፈጽሙ። «አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ቃል የሥራ መጀመሪያ እንጂ የስንፍና መሸሸጊያ አትሁን።

መንግሥትን ብቻ ወቅሼ ብጨርስ ግን ራሴን ማታለል ይሆናል። የእኛ ዝግጅት ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም አካል ጉዳተኛ ባልደረባ አልነበረኝም። ለምን ብዬ ጠይቄም አላውቅ። ያ ወጣት ብሬን ባይመልስልኝ ኖሮ ዛሬም አልጠይቅም ነበር።

አሥሯ ብር አሁንም ኪሴ ውስጥ ናት። ለሌላ ሰው ልሰጣት እችላለሁ፤ የእርሱ ሐቅ ግን በእርስዋ አይከፈልም። ወላሁ አዕለም።